ወይዘሮ ሙቢና እንደገለጹት

እንደሻው ገብረ መድህን በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ የስንት ሰው ቃል ለሕዝብ እንዳደረሰ ቢጠየቅ ሺህ ቢል አላጋነነም። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው ሁሉ በእሱ ብዕር ተናግረዋል። ሁሉም ደስተኞች ነበሩ፤ ሁሉም አመስግነዋል። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ግን አንዳቸውም «እኔ ይህን መቼ ተናገርኩ?» ብለው ቢሮው ድረስ መጥተው አያውቁም ነበር። ሙቢና የመጀመሪያዋ ናት።

የመጣችው በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንደሻው አሰላ ውስጥ «ምንጭ ለሁሉ» የሚባለው የውኃ ልማት ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ለሐሙስ የሚያቀርበውን ጽሑፍ እያሰናዳ ነበር። ሐሙስ ከየወረዳው የተውጣጡ የሙያ ባልደረቦቹ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እሱም አንጋፋ ነውና «የሕዝብ ግንኙነት ሙያ ታሪክና ዕድገት» በሚል ርዕስ ንግግር ያደርጋል። መጨረሻ ላይ የምስጋና ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ነው የቀረው፤ ባለቤቱ አሰፋችም ለዚሁ ቀን ብላ ሙሉ ልብሱን ላውንደሪ አስገብታለታለች።

ጽሑፉ ያምር ነበር፤ መካድ አይቻልም። ሙያው በአገራችን አዲስ አይደለም ይላል። ነጋሪት ተጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል ያ ሰው የእኛ አያት ነው። ከዚያ ጋዜጣና ሬዲዮ መጣ። ከዚያ ድምፅ ማጉያ መጣ፤ ይህን ራሱ እንደሻው ያውቀዋል፤ ሥራ በጀመረበት ዓመት ላንድሮቨር ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ስለ ክትባት እየለፈፈ ከሳጉሬ እስከ ቦቆጂ ዞሯል፤ ጉሮሮው እስከ ፋሲካ አልዳነም። የቢሮው በር ላይ ያለው ጽሑፍ አራት ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ «ማስታወቂያ» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «ሕዝብ ግንኙነት»፤ ከዚያ «ኮሙኒኬሽን»፤ አሁን «ኮሙኒኬሽንና ዲጂታል ሚዲያ»። ከበሩ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ግን ያው እንደሻው ነው።

ከአንድ የሥልጠና ማኑዋል ያገኛትን ነገር ደግሞ በጣም ይወዳታል። ሙያው በአራት ደረጃ አደገ ትላለች፦ መጀመሪያ ጯሂ ነበር፣ ቀጥሎ ነጋሪ ሆነ፣ ቀጥሎ አሳማኝ ሆነ፣ በመጨረሻ አድማጭ ሆነ። አራተኛዋን ደረጃ እየጻፈ፣ በራሱም ትንሽ እየረካ ሳለ በሩ ተከፈተ።

የገባችው አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ረዘም ያለች ሴት ናት። የፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ስለያዘ ደፉ ላይ ልታወልቀው ስትል «ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ» አላት።

«እንደሻው የሚባለው ሰው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ሙቢና ነኝ። ሙቢና ከዲሮ፤ ከዲክሲስ።»

ስሟን ያውቀዋል። ስሟን ብቻ ሳይሆን የተናገረችውን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ፊቷን ግን አይቶት አያውቅም። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጣቷን መሐሉ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ስሜ አለ አሉኝ። ያንብቡልኝ» አለችው።

ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላት። «ከተጠቃሚዎቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ሙቢና ከዲሮ በበኩላቸው እንደገለጹት፣ ‹ጀርባዬ ከእንስራ ዐርፏል፤ ውኃ ደጄ ድረስ መጥቶ በማየቴ ደስታዬ ወሰን የለውም።›»

«መቼ ነው የነገርኩዎት?»

እዚህ ላይ የዚህን ሙያ አንድ ገመና መግለጥ ግድ ነው። የምረቃ ዜና የሚጻፈው ከምረቃው በፊት ባለው ቀን ነው። መኪናው ከገጠር አምሽቶ ይመለሳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ዋናው ቢሮ ደግሞ «አልደረሰንም» እያለ ይነዘንዛል፤ ስለዚህ የክብር እንግዳው ምን እንዳሉ፣ ስንት ሕዝብ እንደተገኘ፣ ነዋሪው ምን ያህል እንደተደሰተ ሁሉ ቀድሞ ተጽፎ ያድራል። በማግሥቱ የሚጨመረው ፎቶ ብቻ ነው። የነዋሪው ስም ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ይነሣል። እንደሻው ሙቢናን የመረጣት አንዲት ሴት ማስገባት ስለነበረበትና ስሟ ደስ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። «ዜና እንደ ገብስ ነው፤ ቀድሞ ካልተዘራ አይታጨድም» እያለ ስንቱን ጀማሪ አስተምሯል፤ ሁሉም እየሳቁ ተምረውለታል።

«በምረቃው ዕለት ሰው ብዙ ነበር…» ብሎ ጀመረ፤ «ምናልባት ያን ዕለት ተናግረው…»

«ያን ዕለት አልነበርኩም። ኦጎልቾ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለችው፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ደግሞ እኔ እንስራ የለኝም። ውኃ የምቀዳው በጀሪካን ነው፤ በአህያ። ሰው በሌለው ዕቃ ጀርባው ይታመማል?»

እንደሻው ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠችና የሆነውን ነገረችው።

የሰፈሩ የውኃ ቦኖ በተመረቀ በሦስተኛው ቀን ውኃው ቆመ። ለካ ለምረቃው ሲባል ቦቴ መኪና መጥቶ የውኃ ማጠራቀሚያውን ሞልቶት ኖሯል፤ ፓምፕ የሚባል ነገር ገና አልተተከለም። ሰፈሩ ሁለት ወር ጠበቀና ሦስት ሽማግሌዎች መርጦ አሰላ ላከ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አሰግድ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ አስቀመጠና ይህንኑ ዜና አትሞ ሰጣቸው። «የራሳችሁ ሰው ረክቻለሁ ብላ መስክራለች፤ ታዲያ እናንተ የምታቀርቡት ቅሬታ የማንን ነው?» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሙቢናን ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ። ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ አይጠብቋትም። «ምን ሰጥተዋት ነው የሸጠችን?» ይላሉ።

«ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው» አለች። «ገብሴን የማነሣው በደቦ ነው። እኔም ልጄም ዘንድሮ የሁሉንም አጭደናል። ባለፈው ረቡዕ ተራዬ ነበር። ለሃያ ሰው የሚበቃ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽቼ ጠበቅኩ። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ ዘቀዘቀች። አንድ ሰው አልመጣም።» ወደ መስኮቱ አየች። ጭላሎ ተራራ ራስ ላይ በዚህ ወር መኖር የሌለበት ደመና ተቀምጧል። «በረዶ ከጣለ አለቀልኝ። ወላሂ፣ የዓመት እንጀራዬ ነው የቆመው።»

«እኔ… በጣም አዝናለሁ» አለ እንደሻው። ከልቡ ነበር፤ ግን ይህችን ቃል በደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደጻፋት ስለሚያውቅ ከአፉ ስትወጣ ቀለለችበት።

«ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ሰብሳቢያቸው ሀጂ አብዶ፣ ‹አልተናገርኩም ካልሽ የጻፈው ሰው መጥቶ ይንገረን፤ ካልመጣ ግን ነገሩ እውነት ነው› ብለውኛል። ይመጣሉ?»

«እሞክራለሁ።»

«እሞክራለሁ ማለት አይመጡም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ነገር ለመወርወር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። መልሱን ሳትጠብቅ ወረቀቷን አጥፋ ተነሣች። የዲክሲስ መኪና እንዳያመልጣት ቸኩላለች።

አሰግድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራው ስብሰባና የበላይ ስልክ ብቻ ነው። እንደሻው ነገሩን ሲነግረው ግንባሩን አሸ። «ፓምፑ ጉምሩክ ነው ብዬሃለሁ። ሲመጣ ሁሉም ይረሳል። ዜናውን ከድረ ገጹ ላይ አጥፉት፤ አለቀ። ሐሙስን ደግሞ እንዳታስበው፤ ከዞን ሰዎች ይመጣሉ፣ ምስክር ወረቀትህ ታትሟል።» ደግ ምክር ይመስል ነበር። እንደሻውም እውነቱን ለመናገር እፎይ ብሎ ወጣ።

ገጹን የምትይዘው መክሊት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደሻውን እንደ አባቷ ታየዋለች። አጠገቧ ወንበር ስቦ «ያቺን የዲክሲሷን ዜና አጥፊያት እስቲ» አላት።

መክሊት ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። «ጋሼ፣ ላጥፋ ግን… የትኛውን?» አለችው።

ማሽኑ ላይ «ጀርባዬ ከእንስራ ዐርፏል» የሚለውን ጽፋ ፈልጋ ነበር። ሰባት ዜና ተደርድሯል። አንዱ ከአርቦዬ፣ አንዱ ከኦጎልቾ፣ ሌሎቹ ከሌላ ከሌላ ወረዳ፤ ከሁሉ የቆየው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የወጣ ነው። ሰባቱም ላይ ጀርባ ከእንስራ ያርፋል፣ ውኃ ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ደስታ ወሰን ያጣል። የአርቦዬው ተናጋሪ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ እንስራ አዝለው ውኃ ሲወርዱ ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

እንደሻው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። ያስደነገጠው ውሸቱ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዷን በጻፈ ቁጥር አዲስ የጻፈ ይመስለው ነበር፤ ያችን የገበሬ ሴት በዓይነ ኅሊናው እያየ፣ እያዘነላት፣ እየተደሰተላት ነበር የሚጽፈው። ለካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያዳምጠው የራሱን ድምፅ ነው።

«ሁለቱን እኔ ነኝ የጻፍኳቸው» አለች መክሊት ቀስ ብላ። «ከእርስዎ ገልብጬ። እንደዚያ ነው የሚጻፈው ብዬ።»

ይህ ከሁሉም በላይ አመመው። «አታጥፊያቸው» አላት። «ሰባቱንም አትሚልኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሐሙሱን ጽሑፍ ለመክሊት ሰጣት። «አራተኛዋ ደረጃ ላይ ስትደርሺ ቆም በይና፣ ይህን የጻፈው ሰው ገና እዚያ አልደረሰም በያቸው» አላት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አሰፋች ግን ሐሙስ ንጋት ላይ ባሏ ሙሉ ልብሱን ትቶ ሹራብና ቦቲ ሲያደርግ ባየች ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «ሴትዮዋ ልጆች አሏት?» ነገሩን ሁሉ ነግሯት ነበርና። «አንድ ልጅ አላት» ሲላት «እንግዲያው ሂድ» አለችው።

ከዲክሲስ መናኸሪያ ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር ሄደ። መንገዱን ግራና ቀኝ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል። አንድ ማሳ ብቻ እንደቆመ ነው፤ ዛላው ከመድረቁ የተነሣ አንገቱን ደፍቷል። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከደረቀው ቦኖ አጠገብ፣ ወይራ ሥር ነበር። ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። ሙቢና ከሴቶቹ ሁለት እርምጃ ፈንጠር ብላ ተቀምጣለች፤ እንደሻውን ስታየው አልተነሣችም፤ እንዳልጠበቀችው ግን ፊቷ ይናገራል። እንደሻው ተወልዶ ያደገው አሰላ ስለሆነ ኦሮምኛው የአገሬው ነው፤ ሰላምታውን በወጉ አደረሰና ሀጂ አብዶ ሲፈቅዱለት ተናገረ። ነገሩ አጭር ነበር። «ዜናውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ሙቢና ምንም አልተናገረችም፤ እስካለፈው ማክሰኞ አይቻትም አላውቅም ነበር» አለ።

ሚፍታ የሚባል፣ ምላሱ እንደ ማጭድ የተሳለ ጎልማሳ ከኋላ ብድግ አለ። «አንድ ነገር ይግለጡልኝ» አለ። «መጀመሪያ አመሰገነች ብለው ጻፉ። ዛሬ ደግሞ አላመሰገነችም ይሉናል። ሥራዎ ድርጅቱ ያዘዘዎትን መናገር ነው። ዛሬስ ማን አዝዞዎት እንደመጡ በምን እናውቃለን? ከሁለቱ የትኛውን እንመን?»

«ልክ ነው!» አሉ ብዙ ድምፆች።

እንደሻው ክርክር ያውቃል፤ ማሳመን እንጀራው ነው። በዚህች ቀን ግን የሚያውቀው ቃል ሁሉ ከዚያው ከሚጠረጠርበት ከረጢት የወጣ መሰለው። አንገቱን ደፍቶ ሰባቱን ወረቀት አወጣ።

«እንግዲያው ላንብብላችሁ» አለ። «ይሄ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ኦጎልቾ።» አነበበ። ጀርባ ከእንስራ ዐረፈ። «ይሄ ደግሞ የአርቦዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ።» የሽማግሌውም ጀርባ ከእንስራ ዐረፈ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሦስተኛውን አነበበ፤ አራተኛውን፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ልጆቹ ዐረፍተ ነገሩን ከእሱ ቀድመው ይጨርሱለት ጀመር፤ «ደስታዬ ወሰን የለውም!» እያሉ። ሰፈሩ በሳቅ ተንከተከተ። እንደሻው ላቡ በሹራቡ ሥር እየወረደ ማንበቡን አላቆመም። ሰባተኛው የሙቢና ነበር። ያን ሲያነብ የሚስቅ ጠፋ።

«እሷ መች እንስራ ነበራት?» አለች አንዲት ሴት ለራሷ፤ ድምጿ ግን ለሁሉም ተሰማ። «በአህያ አይደል የምትቀዳው?»

«የሰው አፍ እየሰረቅኩ ነው የኖርኩት» አለ እንደሻው። «ማንም ያዘዘኝ የለም፤ ሥራው እንዲህ ነው ብዬ ነው። ማንን እንደሚጎዳ አስቤው አላውቅም ነበር። እሷን ጎዳሁ። ይቅርታዬን ከእሷም ከእናንተም እለምናለሁ፤ ቅጣት ካላችሁም እቀበላለሁ።» ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፤ በዚህ ዕድሜው ሰው ፊት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። ሚፍታ ከመነሻው ጀምሮ በስልኩ ሲቀርጽ እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋለው። ቪዲዮው ከምሳ በፊት አሰላ እንደሚደርስ ያውቃል፤ የምስክር ወረቀቱንም ነገር በሆዱ ተሰናበተው። የገረመው ብዙም አለማዘኑ ነው።

ሀጂ አብዶ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አሉ። «እሱ የሷን ስም ሳይጠይቅ ወሰደ። እኛስ? በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሃያ ዓመት የምናውቃትን ሴት አላመንናትም። እንስራ እንደሌላት ከእኛ መሐል የማያውቅ ማን አለ? የእሱ ጥፋት የሥራው ነው፤ የእኛው ይብሳል።» ወደ ሙቢና ዞሩ። «ሙቢና፣ አውፍ በይን፤ ይቅር በይን።»

ያ ሁሉ ሰው ፊቷን እያየ ጠበቀ። «ጭኮዬ አምስት ቀን ተቀመጠ» አለች ሙቢና። «ማን ይብላው? ለውሻ ሰጠሁት። ለውሻ ስሰጥ አለቀስኩ።» ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ሙቢና በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። «አውፍ ብያለሁ» አለች። «ገብሴ ግን ቆሟል።»

«ነገ ጁምዓ ነው» አሉ ሀጂ አብዶ። «ቅዳሜ ፀሐይ ሳይወጣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ እዚያ ይገኝ። ጭኮ እንዳታዘጋጂ፤ ዘንድሮ ምግቡን የምናመጣው እኛ ነን።» ሚፍታም ስልኩን ኪሱ ከትቶ «እኔ በሬዎቼን ይዤ አለሁ፤ በዚያው እንወቃዋለን» አለ። ደመናው ወደ ጭላሎ ጀርባ ሸሸት ብሏል፤ እስከ ቅዳሜ ይታገሥ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አንድ አላህ ነው።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር እንደሻው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሣ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ አሰግድ መሆኑን ሳያየው ዐውቋል። ጥቂት እንደተራመደ ሙቢና ከኋላው ጠራችው።

«ኦቦ እንደሻው! ዛሬስ አይጠይቁኝም?»

ምኑን እንደምትል ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጋለ። ተመልሶ መጣና ከወረቀቶቹ አንዱን ገልብጦ ብዕሩን አወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቶ ጥያቄው እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው።

«ስለ ውኃው…» አለ፤ «ምን ይላሉ?»

«ውኃ የለም።»

ጻፈ። ቀና ብሎ ጠበቃት። እጁ በለመደው መንገድ ሊቀጥል እያኮበኮበ ነበር፤ ያዘው። «ሌላስ?» አላት።

«ሌላ የለም። እስቲ የጻፉትን ያንብቡልኝ።»

«ወይዘሮ ሙቢና ከዲሮ እንደገለጹት፣ ውኃ የለም።»

ሙቢና ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ፣ ማንበብ የማትችለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አዎ» አለች። «ይሄን እኔ ነኝ የተናገርኩት።»